የአሥራ ሁለት ዶላሩ ሎኮሞቲቭ፦ ርካሽ ሞዴል ባቡርን በወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ማደስ

ከባልቲሞር በስተሰሜን በምትገኘው ቲሞኒየም፣ በሜሪላንድ ግዛት የዐውደ ርእይ ግቢ ውስጥ፣ በየጊዜው ትልቅ የሞዴል ባቡር ገበያ ይዘረጋል። ከአራት ዓመት በፊት ልጄን ይዤ ወደዚያ የሄድኩት ለማየት እንጂ ለመግዛት አልነበረም። በአንድ ጠረጴዛ ሥር ግን አሮጌ ሎኮሞቲቮች የታጨቁበት ካርቶን ነበር፤ ከመካከላቸው ቢጫ፣ ብርቱካናማና ሰማያዊ የተቀባ፣ ቀለሙ በየጥጉ የተላጠ አንድ የናፍጣ ሎኮሞቲቭ አወጣሁ። ሻጩ ሽማግሌ «ይሂድ አይሂድ አላውቅም፤ 12 ዶላር ስጠኝና ውሰደው» አሉኝ። ሰጥቼ ወሰድኩት።

ተወልጄ ያደግኩት ድሬዳዋ ነው። አባቴ በምድር ባቡሩ ወርክሾፕ መካኒክ ስለነበር፣ ማታ ወደ ቤት ሲገባ ከቱታው ይወጣ የነበረው የናፍጣና የግራሶ ሽታ እስከ ዛሬ አይረሳኝም። እኔ አሁን የሕንፃ ማሞቂያና ማቀዝቀዣ በመጠገን የምተዳደር ሰው ስለሆንኩ ቴስተርና ካቻቪቴ ለእጄ እንግዳ አይደሉም፤ በዚህ ምክንያት ይህችን ትንሽ ዕቃ በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት እጨርሳታለሁ ብዬ ነበር። የፈጀብኝ ሰባት ወር ነው። ከሰባቱ ወራት ቢያንስ አራቱ የባከኑት ሥራውን ከጅራቱ በመጀመሬ ስለሆነ፣ የሠራሁትን ብቻ ሳይሆን የሠራሁበትን ቅደም ተከተል ጭምር መጻፍ ይጠቅማል ብዬ አስባለሁ።

ሞዴሉ ኤች ኦ በሚባለው መጠን የተሠራ ነው፤ ይኸውም የእውነተኛው ሎኮሞቲቭ 87ኛ እጅ ነው። የሐዲዱ ስፋት 16.5 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ ይህ በ87 ሲባዛ 1435 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ማለትም በአብዛኛው ዓለም የሚሠራበት መደበኛ የሐዲድ ስፋት ይሆናል። መጀመሪያ ላይ የድሬዳዋን ሎኮሞቲቭ አስመስዬ ልሠራው አስቤ ነበር። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 ደግሞ አዲስ አበባ የደረሰው ሐዲድ አንድ ሜትር ብቻ የሚሰፋ ስለነበር በዚህ መጠን ከ11.5 ሚሊ ሜትር አይበልጥም፤ በ16.5 ሚሊ ሜትር ሐዲድ ላይ ባስሄደው የሚያውቅ ሰው ሁሉ ይስቅብኛል። እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው አዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር በመደበኛው ስፋት የተሠራ ስለሆነ እሱ በልኩ ይመጣል፤ የዚያ መስመር ሎኮሞቲቮች ግን በኤሌክትሪክ የሚሄዱ ናቸውና መልካቸው ከዚህ የናፍጣ ዕቃ ጋር አይገናኝም። ስለዚህ እንደ ተፈጠረ ጂፒ 38 ሆኖ እንዲቀር ፈቀድኩለት። እውነተኛው ጂፒ 38 ከ1966 ጀምሮ በአሜሪካ የተመረተ፣ 2000 የፈረስ ጉልበትና አራት አክስል ያለው፣ 18 ሜትር ገደማ የሚረዝም ሎኮሞቲቭ ነው፤ በእኔ ጠረጴዛ ላይ ሲለካ ከ20 ሳንቲ ሜትር ጥቂት ያልፋል።

ቤት እንደ ደረስኩ ሐዲድ ላይ አስቀምጬ ኮረንቲ ስሰጠው ጮኸ፣ ሦስት ሳንቲ ሜትር ያህል ተንቀሳቀሰ፣ ቆመ። በጣቴ ገፋ ሳደርገው ደግሞ እንደገና ጥቂት ሄደና ቆመ፤ የፊት መብራቱም እንደ ሻማ ይርገበገባል። «ሞተሩ አልቋል» ብዬ ፈረድኩ። ከዚያም፣ ለምን እንደሆነ ዛሬም ለራሴ ማስረዳት ያቅተኛል፣ ሞተሩን ትቼ ቀለም መቀባት ጀመርኩ። ቀፎውን አውልቄ አሮጌውን ቀለም ላጥኩት፤ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩት፤ መሠረት ቀለም፣ ከዚያ ቢጫ፣ ከዚያ ሰማያዊ እያልኩ ሦስት ሳምንት ፈጀሁ። አምሮ ነበር። ቀጥሎ ባሉት ወራት ግን ያንን ቀፎ ከሠላሳ ጊዜ በላይ አውልቄ መልሼ ስለ ገጠምኩት፣ ጠርዙ ሁሉ ተፈገፈገና በመጨረሻ ሁለተኛ ጊዜ መቀባት ግድ ሆነብኝ። ስለ ቀለም ከዚህ በላይ አልጽፍም፤ ከሥራው ሁሉ ቀላሉና በየትም ቦታ በደንብ የተጻፈለት እሱ ነው።

ወደ ዋናው ነገር ስመለስ፣ ችግሩ ሞተሩ አልነበረም። ሎኮሞቲቩን ገልብጬ ቴስተሩን እያንዳንዱ መንኮራኩር ላይ ሳስነካ፣ ከስምንቱ መንኮራኩሮች ኮረንቲ የሚቀበሉት አራቱ ብቻ መሆናቸውን አየሁ። ሞተሩ የተቀመጠበት የፊተኛው ቦጊ (ቦጊ ማለት መንኮራኩሮቹን ይዞ ከሎኮሞቲቩ ሥር የሚዞረው ክፍል ነው) ኮረንቲ የሚወስደው በግራ በኩል ካሉት ሁለት መንኮራኩሮች ብቻ ነው፤ በቀኝ ያሉት እንዳይንሸራተቱ የጎማ ቀለበት ስለ ለበሱ ከሐዲዱ ጋር በኤሌክትሪክ አይገናኙም። የኋለኛው ቦጊ ደግሞ በተቃራኒው ከቀኝ ሁለት መንኮራኩሮች ብቻ ይወስዳል። እንግዲህ ሎኮሞቲቩ በእያንዳንዱ ሐዲድ ላይ የሚተማመነው በሁለት ነጥብ ነው፤ አንዱ ነጥብ አቧራ ላይ ሲወጣ ሌላው ጥቂት ከተነሣ ሁሉም ነገር ይቆማል። አንዱ መስመር ለሁለት በሚከፈልበት መለያያ ሐዲድ ላይ ሲደርስ ይባስ ብሎ ሐዲዶቹ የሚሻገሩበት ነጥብ ፕላስቲክ ስለሆነ፣ ከአራት መንኮራኩር ብቻ ኮረንቲ የሚወስድ ሎኮሞቲቭ እዚያ ላይ መሞቱ የማይቀር ነው። ለልጆች መጫወቻ በሚሸጡ ርካሽ ሎኮሞቲቮች ላይ ይህ አሠራር የተለመደ ነው። በፍጥነት እየተንደረደረ ስለሚያልፍ ልጁ ጉድለቱን አያየውም፤ ቀስ ብሎ እንዲሄድ የሚፈልግ ሰው እጅ ሲገባ ነው ጉዱ የሚወጣው።

መጀመሪያ ያደረግኩት ማጽዳት ነበር። የመንኮራኩሮቹ ፊት ጥቁር ጥፍጥፍ ይዞ ስለነበር፣ አልኮል የነካ የወረቀት ፎጣ በሐዲዱ ላይ ዘርግቼ መንኮራኩሮቹን በላዩ አሽከረከርኳቸው፤ ወረቀቱ ላይ የቀሩት ሁለት ጥቁር መስመሮች የዓመታት ቆሻሻ ናቸው። ሐዲዱን ግን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጌ አጸዳሁት፤ ይህን ማንም አይድገመው። ያን ዕለት አብረቀረቀ፤ ነገር ግን በዓይን የማይታዩት ጭረቶች አቧራውን ስለሚይዙት ከዚያ ወዲህ ከበፊቱ በፍጥነት ይቆሽሻል። ማርሾቹ ውስጥ የነበረው ግራሶም ደርቆ እንደ ሰም ሆኖ ነበር፤ በአልኮልና በጥርስ ብሩሽ አጥቤ፣ ፕላስቲክ የማይጎዳ ዘይት በመርፌ ጫፍ ጠብታ ጠብታ ሰጠሁት። ከዚህ በኋላ ብቻ፣ ምንም ሳልቀይርለት፣ ሎኮሞቲቩ ጠረጴዛውን ሳይቆም ዞረ። የፈረድኩበትን ሞተር ይቅርታ መጠየቅ ነበረብኝ።

ቀጥሎ የቀሩትን መንኮራኩሮች ሥራ ላይ ማዋል ነበር። ለዚህ 0.2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የፎስፎር ብሮንዝ ቅጠል ገዛሁ፤ ይህ ብረት እንደ ሞላ ተመልሶ የሚገፋና በቀላሉ የማይደክም ስለሆነ ለዚህ ሥራ ከተራ መዳብ ይሻላል። አንድ ሚሊ ሜትር ተኩል ስፋት አድርጌ በመቀስ ቆረጥኩት፤ ከዚያም መዳብ ከተለበጠበት የሰርኪዩት ሰሌዳ ጥፍር የምታህል ቁራሽ ወስጄ ቅጠሉን በስታኞ በየድኩበት፤ ቁራሹን ቦጊው ሆድ ላይ በሙጫ ለጥፌ የቅጠሉ ጫፍ የመንኮራኩሩን ጀርባ ልስ ልስ እንዲያደርግ አጠፍኩት። በጽሑፍ ሲታይ ሁለት ደቂቃ የሚፈጅ ይመስላል። በመጀመሪያው ቦጊ ላይ ግን ሰሌዳውን አስቀድሜ ለጥፌ፣ ከዚያ ስለ በየድኩ፣ የብረቱ ሙቀት የቦጊውን ፕላስቲክ አቅልጦ አክስሉን አጣመመብኝ። መበየድ ያለበት ከሎኮሞቲቩ ውጭ፣ እንጨት ላይ ነው፤ የሚለጠፈው ከቀዘቀዘ በኋላ ነው።

ቅጠሉ አጥብቆ ከተጫነ ደግሞ ፍሬን ይሆናል። ልኩን ያገኘሁት ቦጊውን ለብቻው ፈትቼ፣ 60 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ሐዲድ በአንድ ጫፉ ሁለት ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጌ፣ ላዩ ላይ በመልቀቅ ነው፤ ሳይገፋ በራሱ ቁልቁል ከወረደ ቅጠሉ ልክ ነው፤ ካልወረደ በወረንጦ ትንሽ ላላ ማድረግ ነው። የፊተኛው ቦጊ በሞተር ስለሚዞር እንዲህ አይፈተንም። በዚያኛው ላይ የጎማ ቀለበት ከለበሱት ሁለት መንኮራኩሮች አንዱን፣ ለመለዋወጫ በ5 ዶላር ከገዛሁት የሞተ ሎኮሞቲቭ በወሰድኩት ቀለበት የሌለው መንኮራኩር ተካሁት። በዚህ ጥቂት የመሳብ ኃይል አጣሁ፤ በለውጡ ሰባት መንኮራኩሮች ኮረንቲ የሚወስዱ ሆኑ። ሁለቱን በሚዛን ሳስቀምጣቸው ኮረንቲው ይበልጥብኛል።

ከቦጊዎቹ ወደ ላይ የሚወጡትን ሽቦዎች በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። ቤት ውስጥ የነበረኝን ወፍራም ሽቦ ተጠቀምኩ፤ ከዚያ በኋላ ሎኮሞቲቩ ወደ ግራ በሚታጠፍ ሐዲድ ላይ ሁሉ ይወድቅ ጀመር። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሐዲዱን ስለካና ሳስተካክል ከረምኩ። ጥፋቱ የሽቦው ነበር፤ ሽቦው ገትሮ ቦጊውን ወደ ግራ እንዳይዞር ይይዘው ነበር። በጣም ቀጭንና ልስልስ ሽቦ፣ ረዘም ተደርጎ፣ ቦጊው በሁለቱም በኩል እስከ መጨረሻው ሲዞር እንዳይወጠር ሆኖ መቀመጥ አለበት።

አሁን ሎኮሞቲቩ በደንብ ስለሄደ ልቤ አበጠና ዲኮደር ልገጥምለት ፈለግኩ። ዲኮደር ለማያውቅ አንባቢ፦ በድሮው አሠራር ሐዲዱ ላይ የሚለቀቀው ኮረንቲ ሲጨምር ባቡሩ ይፈጥናል፣ ሲቀንስ ይዘገያል፤ በዲጂታሉ አሠራር ግን ሐዲዱ ላይ ሁልጊዜ ሙሉ ኃይል አለ፣ በእያንዳንዱ ሎኮሞቲቭ ውስጥ የተቀመጠች የጥፍር ያህል ሰሌዳ ለእሷ የተላከውን ትእዛዝ ብቻ ለይታ ሞተሩን ታዛለች። ይህ አሠራር በጀርመኑ ሌንዝ ኩባንያ ተፈልስፎ በ1990ዎቹ በአሜሪካው ብሔራዊ የሞዴል ባቡር ማኅበር ዘንድ የጋራ መለኪያ ስለሆነ፣ የሽቦዎቹ ቀለም በአብዛኞቹ አምራቾች ዘንድ አንድ ነው፦ ቀይ ከቀኝ ሐዲድ፣ ጥቁር ከግራ ሐዲድ፣ ብርቱካናማና ግራጫ ወደ ሞተሩ፣ ነጭ ለፊት መብራት፣ ቢጫ ለኋላ መብራት፣ ሰማያዊ ደግሞ ለመብራቶቹ የጋራ ፖዘቲቭ።

ሽቦዎቹን እንደ ቀለማቸው አገናኘሁ፤ ኮረንቲ ለቀቅኩ፤ አንዲት ቀጭን የጢስ ክር ከዲኮደሩ መሃል ቀጥ ብላ ወጣች። ሽታው ከሁለት ቀን በኋላም ወጥ ቤቱን አልለቀቀም፤ ባለቤቴም ቡና በዚያ ሽታ ላይ አታፈላም ብላ ጀበናውን ይዛ ወደ ሳሎን ተሰደደች። ዲኮደሩ የተገዛው 28 ዶላር ሲሆን፣ ይህም ከሎኮሞቲቩ ዋጋ በእጥፍ ይበልጣል። የሆነው እንዲህ ነው፦ በእነዚህ ሎኮሞቲቮች የሞተሩ አንዱ ካርቦን ከቦጊው ብረት ጋር በቀጥታ የተያያዘ ነው፤ የቦጊው ብረት ደግሞ ከግራዎቹ መንኮራኩሮች ጋር የተያያዘ ነው። በድሮው አሠራር ይህ ችግር የለውም፤ በዲኮደር ሲሆን ግን ሐዲዱ ላይ ያለው ሙሉ ኃይል ወደ ሞተር በሚወጣው መስመር በኩል ወደ ኋላ ይገባና ሰሌዳውን ያቃጥለዋል። ቴስተሩን በአንዱ ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ በሌላው መንኮራኩሩ ላይ ባስነካው ኖሮ በአምስት ሰከንድ ውስጥ ጮሆ ይነግረኝ ነበር። በየቀኑ የሰው ማሞቂያ ስፈትሽ የማደርገውን በራሴ ዕቃ ላይ አላደረግኩም።

ከዚያ በኋላ ማድረግ የነበረብኝን ሁሉ ለካሁ። ሎኮሞቲቩን በእጄ ይዤ ሞተሩ እንዳይዞር ሳግደው 1.3 አምፔር ሳበ፤ የገዛሁት ዲኮደር የሚችለው አንድ አምፔር ነው። ስለዚህ ሾርት ባያደርግ እንኳ አንድ ቀን መቃጠሉ አይቀርም ነበር። ሞተሩ መቀየር እንዳለበት የወሰንኩት በዚህ ጊዜ ነው፤ በሰባት ወሩ ውስጥ ከሁሉ የተደሰትኩበት ሥራም ይህ ነው።

ከአሮጌ ኮምፒውተር ያወጣሁት የዲቪዲ ማጫወቻ ነበረኝ። ዲስኩ የሚቀመጥበትን ሰፌድ መሰል ክፍል የሚያስወጣና የሚያስገባ ትንሽ ሞተር በውስጡ አለ፤ ሲፈታ ክብ፣ ቀለል ያለ፣ ሁለቱም የኮረንቲ ጫፎቹ ከብረቱ ጋር ያልተያያዙ ነው፣ ዲኮደር የሚፈልገውም እንዲህ ያለውን ነው። ሲታገድ የሚስበው 0.6 አምፔር ብቻ ሆነ። የድሮውን ሞተር አንጀት ከቦጊው አውጥቼ ክፍቱን ቦታ በሞረድ ሳሰፋው አዲሱ ሞተር ልክ ገባ። ያስቸገረኝ የጥርሱ ነገር ነው፤ የድሮዋ ትንሽ ማርሽ ቀዳዳ ከአዲሱ ሞተር 2 ሚሊ ሜትር ዘንግ ይሰፋ ስለነበር በመካከሉ ቀጭን የነሐስ ቱቦ አስገባሁ። መጀመሪያ ፈጥኖ በሚደርቀው ሙጫ አጣበቅኩት፤ ሙጫው ግን እንደ ውሃ ቀጭን ስለሆነ በዘንጉ በኩል ወደ ኩሽኔታው ሰርጎ ገብቶ ሞተሩን ድንጋይ አደረገው። ደግነቱ የዲቪዲ ማጫወቻ የሚጥል ጎረቤት አይጠፋም። በሁለተኛው ላይ ወፍራሙንና ቀስ ብሎ የሚደርቀውን ሙጫ፣ በመርፌ ጫፍ፣ ሞተሩን አፉን ወደ ታች ዘቅዝቄ ተጠቀምኩ።

ይህ ሞተር ለዝቅተኛ ቮልቴጅ የተሠራ ስለሆነ ሙሉ ኃይል ከተለቀቀበት ይግላል። በተቃጠለው ፈንታ በገጠምኩት ዲኮደር ውስጥ ለሞተሩ የሚሰጠውን ከፍተኛ መጠን የሚወስነው ማስተካከያ ቁጥር 5 ነው፤ መጠኑን ከ255 ወደ 130 ዝቅ አደረግኩት። ከዚያ ሃያ ደቂቃ ያለማቋረጥ አስሮጥኩትና ጣቴን አሳረፍኩበት፤ ሞቅ ብሎ ነበር እንጂ አላቃጠለኝም። ፍጥነቱ ቀነሰ፤ ነገር ግን ዕቃ የሚጭን ባቡር በጠረጴዛ ላይ ለምን ይሮጣል?

ክብደቱን የጨመርኩት ከዚህ በኋላ ነው። ባዶውን 210 ግራም የነበረው ሎኮሞቲቭ ፉርጎ ሲያስሩበት መንኮራኩሩ በቦታው ይሽከረከር ነበር። ጋራዥ ካለው አንድ ያገሬ ልጅ ለጎማ ባላንስ የሚለጠፉትን ክብደቶች ለመንኩት፤ በስተጀርባቸው ሙጫ ስላላቸው ለዚህ የተፈጠሩ ይመስላሉ። ከእርሳስ የተሠሩ ከሆነ ከነኩ በኋላ እጅን መታጠብና ከልጆች ማራቅ ግዴታ ነው። የመሳብ ኃይሉን የለካሁት በሳንቲም ነው፦ የአሜሪካ ባለ 5 ሳንቲሙ ልክ 5 ግራም ስለሚመዝን፣ ከሎኮሞቲቩ ኋላ ክር አስሬ፣ ክሩን በጠረጴዛው ጠርዝ በትንሽ መዘውር ላይ አሳልፌ፣ ጫፉ ላይ በተንጠለጠለ የጠርሙስ ክዳን ውስጥ ሳንቲም እየጨመርኩ ስንቱን እንደሚያነሣ ቆጠርኩ። ከክብደቱ በፊት ስድስት ሳንቲም፣ በኋላ አሥራ አንድ። የተጨመረው ክብደት በአብዛኛው ሞተር ካለበት ቦጊ በላይ መሆን አለበት፤ በሌላኛው ላይ የሚጫነው ኮረንቲ ለመቀበል ቢረዳም ለመሳብ አይጠቅምም። ልኩም አለው። እስከ 400 ግራም አድርሼው ነበር፤ በዚያ ክብደት ሎኮሞቲቩን ስይዘው መንኮራኩሮቹ በመንሸራተት ፈንታ ሞተሩ ራሱ ቆመ። መንኮራኩር ቢንሸራተት ጉዳት የለውም፣ የቆመ ሞተር ግን ይቃጠላል። 60 ግራም ቀነስኩለት።

መብራቱን በኤል ኢ ዲና በአንድ ኪሎ ኦም ሬዚስተር ቀየርኩት፤ የድሮው አምፖል ከበላዩ ያለውን ፕላስቲክ በሙቀቱ አልስልሶት ነበር። ፉርጎ የሚታሰርበትን መያያዣም አውጥቼ ብዙዎች የሚጠቀሙበትን፣ ካዲ የተባለው ኩባንያ የሚሠራውን ቁጥር 5 መያያዣ ገጠምኩ። ሁለቱም የአንድ ምሽት ሥራ ናቸው።

ወጪውን ስደምረው፣ ከተቃጠለው ዲኮደር ጋር፣ 96 ዶላር ደረሰ። በዚህ ላይ ጥቂት ብጨምር ዲኮደሩ ከነውስጡ ያለ አዲስ ሎኮሞቲቭ እገዛ ነበር፤ ገንዘብ ለመቆጠብ ብሎ ይህን ሥራ የሚጀምር ሰው ሒሳቡን አስቀድሞ ያውቀው። ስህተቶቹን ባልሠራ ኖሮ ከ60 ዶላር አይበልጥም ነበር፤ ልጄ ግን ዲኮደሩ ያጨሰበትን ምሽት ለክፍል ጓደኞቹ እስከ ዛሬ ይተርካል።

አሁን በዝግታው ፍጥነት አንዱን ሜትር በ100 ሰከንድ ይጨርሳል፤ በ87 ሲባዛ በሰዓት 3 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ የሰው እርምጃ እንኳ ይቀድመዋል። መለያያው ላይ ሲያልፍ መብራቱ አይርገበገብም። መካከለኛ ፍጥነት ላይ ሲደርስ ከማርሾቹ የሚሰማው ጩኸት ግን አልጠፋም፤ ቱቦውን በትክክል መሃሉ ላይ ስላላስገባሁት ይመስለኛል፣ ማርሹን ለመንቀል ደግሞ ገና ድፍረት አላገኘሁም። ባለፈው ወር ከዚያው ገበያ ሁለተኛ ሎኮሞቲቭ በ9 ዶላር ገዝተናል። ስምንቱም መንኮራኩሮቹ ኮረንቲ ይወስዳሉ፣ ሞተሩ ተለክቷል፣ ዲኮደሩ ተገጥሞ ይሠራል፤ ቀፎው ግን እንደ ተገዛ ነው፣ ግማሹ ቀለም የለውም፣ አንድ መስኮቱም ጠፍቷል። ልጄ መቼ እንደምንቀባው በየሳምንቱ ይጠይቀኛል።